እስከ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ዋስትና ስላለው የልጄ ስልክ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ላሊበላ

ለዞሬላ ሞባይል ከሽያጭ በኋላ አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ታኅሣሥ አንድ ቀን ልታጠፉት ስላሰባችሁት ድምፅ

የተከበራችሁ የአገልግሎቱ ኃላፊዎች ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ፣ ቤተሰባችሁ፣ ልጆቻችሁ፣ መብራታችሁና ኔትወርካችሁ እንደምን ነው? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናንተማ ደህና እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ በደወልኩ ቁጥር መስመራችሁ ላይ የሚዘፈነው ዘፈን ደስ እንዳላችሁ ይነግረኛልና።

እኔ ምሥራቅ ደሳለ እባላለሁ፤ የላሊበላ ነዋሪ ነኝ። ጧፍ እየሠራሁ ለምእመናን በመሸጥ እተዳደራለሁ። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል፤ በእናንተ ዘንድ ግን ዘጠኝ ቀን እንደ ጊዜ የሚቆጠር ስላይደለ ይቅርታ አልጠይቅም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ አራት ደብዳቤ ልኬላችሁ ነበር። ለአራቱም «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልስ በስልኬ መጥቶልኛል። መልሱ በአራቱም ጊዜ አንድ ቃል ሳይለወጥ በመምጣቱ የድርጅታችሁን የአቋም ጽናት አድንቄያለሁ። የታሸገው ደብዳቤ እንደማይከፈት ስለገባኝ ግን አምስተኛውን ሳላሽግ ልኬዋለሁ፤ ስልኩን የሸጠልን ያሲር በሱቁ በር ላይ ይለጥፈዋል፣ ፎቶ አንሥቶም ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ በኢንተርኔት ያወጣዋል።

ስልኩ የልጄ የአልጣሽ አዝመራው ነው። አልጣሽ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ከእሷ በፊት የወለድኳቸው ሁለቱ ስላላደጉልኝ ነው። ለስሙ ዋስትና የሰጠኝ አልነበረም፤ ቢሆንም ሃያ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር አገልግሏል፤ እናንተ ከምትሰጡት ይሻላል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድስት ቀን ሕመም ዐረፈች። አሟሟቷ በእናንተ የሥራ ድርሻ ውስጥ ስለማይገባ አላብራራም።

ልጄ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ስልካችሁን ከደመወዟ ወራት አስቀምጣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዛችው። ካርቶኑ ላይ «ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር» የሚል ጽሑፋችሁ አለበት። ካርቶኑ አሁንም ቤቴ ነው፣ ጽሑፉም አልደበዘዘም፤ ለቀለማችሁ ጥራት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

በዚያ ዓመት ፈረንጅ አይመጣም ነበር። ሆቴሉ አልጋውን ሁሉ አንጥፎ ማንንም ሳያሳድር ይነጋል፤ ልጄም ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ እንግዳ ስትጠብቅ ትውላለች። ሥራ መፍታት ስለማትወድ እኔን ለማስተማር ተነሣች። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበቡን አልረሳሁትም፤ መጻፉ ግን ከስሜና ከጧፍ ደንበኞቼ ስም አያልፍም ነበር። በመጀመሪያ ማታ ከሥራ ስትመለስ እሷ እያነበበችልኝ እኔ እጽፍ ነበር፤ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ አስደግማታለሁ፤ እሷ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። በሦስተኛው ቀን «እማ፣ እኔ ከምደግምልሽ ስልኩ ይድገምልሽ፤ እሱ አይቆጣም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ሆቴሉ ውስጥ ሆና በድምፅ ትቀዳልኛለች፤ ማታ ስልኩን ትሰጠኝና እሷ እራቷን ስትበላ እኔ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ እጽፋለሁ። ከድምፅዋ በስተኋላ የሆቴሉ አትክልተኛ ግቢውን ሲጠርግ ይሰማል። አንዳንዴም በመካከል ታስነጥሳለች፤ አታጠፋውም፣ «ይኼን አትጻፊው» ብላ ትቀጥላለች።

አንዱን ትምህርት ያለ ስሕተት ጽፌ ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው እንዳላልፍ ከልክላኝ ነበር። «እማ፣ እንዳትዘዪ። ዘለሽ ብትከፍቺ እኔ አውቃለሁ።» እኔም አልዘለልኩም። እሷ ግን ከእኔ እጅ ትፈጥን ነበርና እየቀደመችኝ አርባ አንድ ትምህርት ቀዳች፤ ቁጥሩን በደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፋልኛለች። በሞተች ጊዜ እኔ ሃያ ሰባተኛው ላይ ነበርኩ። አሥራ አራቱን እስከ ዛሬ አልሰማኋቸውም፤ ከዚያ ስልክ በቀር ሌላ ቦታም የሉም። የእኔ ጉዳይ ይኸው ነው። ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የምዘረዝረው ሁሉ የእናንተ ጉዳይ ነው።

አንደኛ፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ስልኩ «ማሻሻያ መጥቶልዎታል» አለ፤ ልጄም እንግዳ መቀበል ሥራዋ ነውና ተቀበለችው። ከመሻሻሉ በፊት ጠዋት የተሞላ ባትሪ እስከ ማታ ይቆይ ነበር። ከተሻሻለ በኋላ ጉንጭ እስኪያቃጥል ድረስ ይግላል፤ ሠላሳ በመቶ እያለውም ደርሶ ይጠፋል። ልጄ በኅዳር ደወለችላችሁ። እናንተም በአክብሮት አነጋግራችሁ የአቤቱታ ቁጥር ሰጣችኋት፤ ችግሩ በሚቀጥለው ማሻሻያ ስለሚስተካከል በትዕግሥት እንድትጠብቅ ነገራችኋት። ትዕግሥት እንደሌላት ከላይ ጽፌያለሁ፤ ለእናንተ ስትል ግን ጠበቀች። እሷ ሄደች፤ ማሻሻያው ገና መንገድ ላይ ነው። የእኛ መንገድ አንዳንድ ጊዜ እንደሚዘጋ ስለማውቅ በመዘግየቱ አልፈርድባችሁም።

ሁለተኛ፤ በአገራችን ለቅሶ ቤት ውስጥ አርባው እስኪወጣ ድረስ ሬዲዮ አይከፈትም፤ ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ ሁሉ ዝም ይላል። ስለዚህ የልጄን ስልክ አጥፍቼ በነጠላዋ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ይህን ያደረግሁት ግን በግድየለሽነት እንዳይመስላችሁ። አስቀድሜ የዋስትና ካርዳችሁን አውጥቼ አነበብኩ። ካርዱ ላይ «22/01/2025» ይላል። ቀኑ ሃያ ሁለት፣ ወሩ አንድ፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ነው። ወር አንድ መስከረም ነው፤ ይህን እንኳን እኔ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም ያውቀዋል። ያኔ የነበርነው በታኅሣሥ 2017 ነበርና በጣቴ ብቆጥር ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር ቀረው። አርባ ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል አልኩ። ይህን ያህል የሚታመን ዕቃ የሠራ እጅ ይባረክ ብዬም መርቄያችኋለሁ። ምርቃቱን መልሱ አልላችሁም፤ የእኔ ምርቃት በአንድ ዓመት አያልቅም።

ጥር 29 ቀን የአርባዋ ተዝካር ወጣ። ሰው ከተሸኘ በኋላ ስልኩን ከነጠላው ፈትቼ አበራሁት። ምልክታችሁ መጣ፣ «ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር» አለኝ፣ ጠፋ። እንደገና በራ፣ እንደገና ከእኔ ጋር እንደሆነ ነገረኝ፣ እንደገና ጠፋ። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩና ወደ ያሲር ሱቅ ሄድኩ። ያሲር ስልኩን ትቶ ካርዱን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ። «እትዬ ምሥራቅ፣ ይኼኮ የፈረንጅ ቀን ነው» አለኝ። በእኛ ሲቆጠር ጥር አሥራ አራት ማለት እንደሆነ፣ ካለፈም አሥራ አምስት ቀን እንደሆነው አስረዳኝ። ፊቴን አይቶ ደንግጦ ነው መሰለኝ፣ «ምን ይደረግ፣ ፈረንጁ ቀርቶ ቀኑ ብቻ መጣ» አለ። ሳቅሁ። ከል ከለበስኩ ወዲህ የሳቅሁት ያን ዕለት ብቻ ነውና ለዚህም ላመሰግናችሁ ይገባል።

ክቡራን ሆይ፣ ካርዱ «ይህን ካርድ በጥንቃቄ ይያዙ» የሚለውን በአማርኛ ጽፎታል። የተሸጠው ላሊበላ ነው፤ የገዛችው አልጣሽ አዝመራው ናት። የማን አቆጣጠር እንደሆነ ግን በየትኛውም ጥግ አልተጻፈበትም። በጥንቃቄ ያዝኩት፤ የተጻፈውንም አነበብኩ። ባለሙያችሁ «ለምን በጊዜው አላበሩትም ነበር?» ብሎ ጠይቆኛል። ለዚህ መልስ ለመስጠት ስለ ለቅሶ አንድ ሰዓት ሙሉ ማስተማር ይኖርብኛል፤ እኔ ደግሞ ገና ተማሪ ነኝ። ይህን ብቻ ልበል፤ ከእኔ የገዛውን ጧፍ አልበራልኝም ብሎ የሚመልስ ሰው ቢመጣ መቼ እንደገዛው አልጠይቀውም። ጧፍ ሊበራ ነውና የተሸጠው ሌላ እሰጠዋለሁ። ትልቅ ድርጅት ስላልሆንኩ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ የነፃ ጥሪ መስመራችሁን የሚመለከት ነው። ጥሪዬ ለእናንተ እጅግ አስፈላጊ እንደሆነ የምትነግረኝን የተቀዳች ሴት ከየካቲት ጀምሮ ስሰማት ስለኖርኩ አሁን ብትሞት የማለቅስላት ይመስለኛል። ከእሷ ቀጥሎ ዘፈኑ ይመጣል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዘፈን አይሰማም፤ ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ እንኳን በሬን ዘግቼ ነው የምውለው። የእናንተን ግን ዘግቼ ልጄን ማግኘት ስለማልችል ከዳር እስከ ዳር አጥንቼዋለሁ። በየንስሐ ጊዜዬም ለንስሐ አባቴ ለቄስ ወልደ ኪዳን እናገራለሁ። እሳቸውም ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እየጠየቁ ስግደት ያዝዙኝ ነበር፤ አሁን በጉልበቴ ምክንያት ትተውልኛል። ጥሪው ሲያልቅ አገልግሎቱን ከአንድ እስከ አምስት በቁጥር እንድመዝን ትጠይቁኛላችሁ። ሁልጊዜ አምስትን እጫናለሁ፤ ያነጋገረችኝ ልጅ በዚያ ቁጥር እንደምትመዘን ሰምቻለሁና፣ እሷም የሰው ልጅ ናት። ድርጅቱን ለመመዘን የሚጫኑት ቁጥር ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

አራተኛ፤ ይህኛው አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው። የልጄን ሲም ካርድ አውጥቼ በእኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ አድርጌው ነበር፤ መሞቷን ያልሰማ የሩቅ ወዳጅ ቢደውል ላረዳው ብዬ ነው። ሰኔ 28 ቀን ጠዋት መልእክት ገባ። «ውድ አልጣሽ፣ እንኳን ለሠላሳ ሁለተኛ ዓመት የልደት በዓልዎ አደረሰዎ፤ ዕድሜና ጤና እንመኝልዎታለን» ይላል፤ ከናንተ ነው። ልጄ የተወለደችው መጋቢት 5 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ስልኩን ስትገዛ የመዘገበችላችሁ 5/7/1993 ብላ ነው። እናንተ በፈረንጅ አንብባችሁት ልደቷን ወደ ክረምት ወሰዳችሁት፤ በዕድሜዋም ላይ ስምንት ዓመት ጨመራችሁላት።

እንግዲህ እናንተም ቀን ማንበብ ትሳሳታላችሁ ማለት ነው። እኔ ስሳሳት ዋስትናዬ ጊዜው አልፎበታል ተባለ፤ እናንተ ስትሳሳቱ የምን ጊዜ እንዳለፈባችሁ የነገራችሁ የለም። ያም ሆኖ አልተቀየምኩም። በስድስቱ የሕመም ቀናት እኔ ከቤተ ማርያም ደጅ ወድቄ የለመንኩት ከስምንት ዓመት ያነሰ ነበር፤ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የለመንኩት። ከእናንተ በቀር የጨመረላት የለም። መልእክቱን አላጠፋሁትም።

አምስተኛ፤ ስልኩ ደሴ ድረስ ሄዶ ነበር። የደሴው ጠጋኝ ውስጡ ያለው ነገር እንዳልጠፋ፣ ለጥቂት ጊዜ አብርቶ ድምፁን ወደ ሌላ መገልበጥ እንደሚቻል፣ ይህ የሚሆነው ግን ለእናንተ ባለሙያዎች ብቻ በሚሰጥ ፕሮግራም እንደሆነ ነግሮ መለሰው። መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሞ በጥቅምት ያሲር ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲወርድ እጅ በእጅ አስረከባችሁ። እናንተም ተቀብላችሁ ደረሰኝ ሰጣችሁት። ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት ልጅ ከቢሮአችሁ ደወለችልኝ። ድምፅዋ መልካም ነው፤ አሳዳጊዎቿ ይመስገኑ። ዋስትናው ያለፈበት ስልክ ቢሆንም ድርጅቱ በልዩ አስተያየት ያለ ክፍያ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ሊመልሰው እንደፈቀደ አበሠረችኝ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ልክ እንደ አዲስ ይሆናል አለችኝ። አዲስ ስልክ እንዳልጠየቅሁ፣ አሮጌውን እንደፈለግሁ ነገርኳት። ያን ጊዜ ውስጡ ያለውን ነገር መጠየቅ የሚችለው የተመዘገበው ባለቤት ብቻ እንደሆነ አስረዳችኝ።

«እናት፣ ባለቤቷ መታወቂያዋን ይዛ በአካል ትቅረብ» አለችኝ።

ሞታለች አልኳት። ወረቀት ስትገልጥ ይሰማኛል። ከዚያም እያፈረች፣ «እሱን ሲስተሙ አይቀበለኝም» አለች። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ እኔንም ሲስተሜ እስከ ዛሬ አልተቀበለኝም።

የሞት የምስክር ወረቀቷን ከከተማው አስተዳደር አውጥቼ ከነማኅተሙ ላክሁ። መልሱ ጥቅምት ማብቂያ ላይ መጣ። ባለቤቷ እስከ 10/12/2025 ድረስ በአካል ቀርባ ካልወሰደችው ስልኩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ተመልሶ እንደሚወገድ ይገልጻል። በዚያው መልእክት መጨረሻ ላይ ለአዲሱ ሞዴላችሁ የዋጋ ቅናሽ እንደተደረገልኝም ተጽፏል፤ እናንተ ስታጠፉም ስታስታውሱም እኩል ናችሁ። በእኔ አቆጣጠር ይህ ቀን ነሐሴ 10 ቀን 2025 ዓ.ም. ነው፤ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረውም። አሁን ግን ተምሬያለሁ፤ ወደ ያሲር ወስጄ አስነበብኩት። ታኅሣሥ አንድ ቀን ነው ብሎኛል። ከዛሬ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል።

ባለቤቷን በአካል ማግኘት የግድ ከሆነ አድራሻዋን እሰጣችኋለሁ። ገነተ ማርያም በአያቶቿ መካነ መቃብር፣ ከአባቷ ጎን ናት። ከላሊበላ ተነሥቶ በእግር ለሚሄድ የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ነው፤ ለጤና መልካም ነው። መታወቂያዋ ግን እኔ ዘንድ ስለሆነ አስቀድማችሁ ቤቴ ጎራ ብትሉ ይቀናችኋል፤ አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ።

ክቡራን ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ስጽፈው ከዚህ ይረዝም ነበር። ለቄስ ወልደ ኪዳን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ እውነቱን አትንኪው፤ ነገ ጾመ ነቢያት ይገባልና ስድቡን ብቻ አውጪው» አሉኝ። አውጥቼዋለሁ። አሁን የምታነቡት የጾም ነው።

የምለምነው ይህን ብቻ ነው። ስልኩ አይጠገንልኝ፣ አይመለስልኝ፣ አይለወጥልኝ። ከባለሙያዎቻችሁ አንዱ ለአንድ ሰዓት ያብራውና አሥራ አራቱን ድምፅ ይገልብጥልኝ። ክፍያ ካለው እከፍላለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታውም ሆነ ወደፈለጋችሁት ሁኔታ መልሱት። በታኅሣሥ 20 ሙት ዓመቷ ነው። ከሌን የማወልቀው ያን ቀን ነው ተብሏል፤ እኔም አወልቃለሁ፤ የሰው ፊት ነውና። የሚጠብቀኝን ሌላውን ሥራ ሁሉ ጨርሼዋለሁ። ተዝካሯን አውጥቻለሁ፣ ልብሷን ለነዳያን ሰጥቻለሁ፣ የሆቴሉን ቁልፍ መልሻለሁ። የቀረኝ ትምህርቴ ነው። ልጄ ዘለሽ ብትከፍቺ አውቃለሁ ያለችኝን ጠብቄ ኖሬያለሁ፤ ዘሎ መክፈቱ ቀርቶ ተራው የደረሰውንም መክፈት አልቻልኩም።

የቀሩትን የአሥራ አራቱን ርእስ አላውቅም፤ እሷም ቁጥሩን እንጂ ርእሱን አልጻፈችልኝም። የመጨረሻ የሰማሁት ሃያ ሰባተኛው ስለ ደብዳቤ ነበር። ቀኑ በቀኝ በኩል እንደሚጻፍ፣ ከዚያ ሰላምታ እንደሚቀድም፣ የተቆጡትን ሰው እንኳ ቢሆን ጤንነቱን ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ እንደማይገባ አስተማረችኝ። እንዳዘዘችኝ አድርጌያለሁ። በመጨረሻው ላይ እንዲህ ትላለች፤ «እማ፣ ዛሬ አጀማመሩን አወቅሽ። አጨራረሱ ይከብዳል፤ እሱን ሃያ ስምንተኛው ላይ እነግርሻለሁ።» ከዚያ የአትክልተኛው መጥረጊያ ትንሽ ይሰማና ያልቃል።

ስለዚህ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጨረስ አላውቅም። አጨራረሱ እናንተ ዘንድ መደርደሪያ ላይ ነው። ያለ አስተማሪ የቻልኩትን ያህል እነሆ፦

እስከ ዛሬ ስላደረጋችሁልኝ፣ ስላላደረጋችሁልኝና ታኅሣሥ አንድ ቀን ልታደርጉ ስላሰባችሁት ሁሉ በከፍተኛ አክብሮት እያመሰገንኩ፤ ለእናንተና ለልጆቻችሁ በየትኛውም አቆጣጠር ቢሆን ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፤ መስመራችሁ ላይ ያለው ዘፈን እንዲለወጥ ሳይሆን እንዲያጥር ብቻ በትሕትና እያመለከትኩ፤

ዋስትናዋ እስከ መስከረም 22 ቀን 2025 ዓ.ም. የጸና ደንበኛችሁ፣

ምሥራቅ ደሳለ
የአልጣሽ አዝመራው እናት

ግልባጭ፦
ለአቶ ያሲር፣ በሱቃቸው በር ላይ እንዲለጥፉት
ለአልጣሽ አዝመራው፣ በአካል መቅረብ ስላልቻለች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድምፁ ሲገለበጥ ባለሙያው ቢሰማው ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ሃያ ስምንተኛውን ቆም ብሎ ያድምጠው። ከእናንተ የደረሱኝ መልሶች ሁሉ «ከሰላምታ ጋር» ይሉና ከሥሩ የጻፈው ሰው ስም የለም። ስሙን የማይጽፍ ሰው ደብዳቤ እንዴት እንደሚጨርስ ልጄ ምን እንዳለች አላውቅም፤ ግን ስለ እሱም ሳትቀዳ አልቀረችም፤ ቁጣዋን አውቀዋለሁ።